ለመውለድ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ካሰቡ ማወቅ ያለብዎ ነገሮች

ውጭ አገር ያለች እህትዎ ወይም አክስትዎ «እዚህ መጥተሽ ውለጂ» ብላዎት ይሆናል። እንዲህ ሲታሰብ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቪዛና ስለ ትኬት ነው። ለእርስዎና ለልጅዎ ደህንነት ግን ወሳኙ የእርግዝናው ሳምንትና ሐዋሳ ላይ የያዙት የክትትል ካርድ ነው።

መቼ መብረር ይቻላል?

ጤናማ እርግዝና ላይ በረራ በራሱ ጽንሱን አይጎዳም። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ከ36ኛው ሳምንት በኋላ፣ መንታ ከሆነ ደግሞ ከ32ኛው በኋላ አያሳፍሩም። ደንቡ ስለሚለያይ ትኬት ሳይቆርጡ ይጠይቁ። ሆድን በሰፊ ልብስ ሸፍኖ መሳፈር ይቻል ይሆናል፤ ምጥ አየር ላይ ቢጀምር ግን አዋላጅም ደምም የለም።

የደም መፍሰስ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም የእንግዴ ልጅ ታች መቀመጥ ካለብዎ፣ ከዚህ በፊትም ያለ ጊዜው ወልደው ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጓዙ።

በረጅም በረራ እግር ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። በየሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ።

ምን ይዘው ይሂዱ?

• የክትትል ካርድዎንና የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ውጤት
• የደም ዓይነትዎን። ኔጌቲቭ ከሆነ የሾተላይ መርፌ በ28ኛው ሳምንት አካባቢና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊያስፈልግዎ ይችላል
• የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የቂጥኝ ምርመራ ውጤቶችን
• ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ወልደው ከሆነ የዚያን ማስረጃ

ሐዋሳ ወባ ያለበት አካባቢ ነው። ከሄዱ በኋላ ትኩሳት ከያዝዎ «የመጣሁት ወባ ካለበት አገር ነው» ብለው ይንገሩ። እዚያ ያለ ሐኪም ወባን ላያስብ ይችላል፤ በእርግዝና ላይ ወባ ደግሞ እናትንም ልጅንም ይገድላል።

ወጪውና ሕጉ

ጎብኚ የወሊድ ወጪውን ራሱ ይከፍላል፤ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስም መደበኛ ወሊድን አይሸፍንም። ከባዱ ወጪ የሚመጣው ልጁ ያለ ጊዜው ተወልዶ ለሳምንታት ጽኑ ሕክምና ክፍል ሲተኛ ነው። ኢንሹራንሱ ሕፃኑንም ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሂሳብ ፈርተው ግን ክትትል አያቋርጡ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ዋና ዓላማው ለልጅ ዜግነት ማግኘት ለሆነ ጉዞ የጎብኚ ቪዛ አትሰጥም። ቪዛ ሲጠይቁ እውነቱን ይናገሩ። በእንግሊዝ ከ1983 ወዲህ እዚያ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያሰጥም። በኢትዮጵያ በኩል ጥምር ዜግነት አይፈቀድም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መምረጥ አለበት።

ሲመለሱ

አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ (ቢሲጂ) ክትባት ለሁሉም ሕፃናት አይሰጥም፤ እኛ ጋ ግን እንደተወለዱ የሚሰጥ ነው። የክትባት ካርዱን ይዘው በቅርብዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጉዞው ከቀረም አያዝኑ። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የወሊድ አገልግሎት ነፃ ነው፤ የተወሳሰበ እርግዝና ካለብዎ ደግሞ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስፔሻሊስት ያገኛሉ።

የትም ይሁኑ ደም ከፈሰስዎ፣ እንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።