የአንድ መምህር ሦስት ቋንቋዎች፦ የውጭ አገር መምህራን የዕለት ኑሮ በወለጋ ከተሞች

በውጭ አገር ስለሚያስተምሩ ሰዎች የዕለት ኑሮ ከተጻፈው ብዙው የሚያወሳው ጃፓንን ነው። አንባቢ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚያገኘው የመምህሩን ጠባብ ክፍል፣ የመምህራኑን የጋራ ቢሮ፣ ከተማሪዎች ጋር የሚበላውን ምሳና ብቸኝነትን ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ጥቂት ሲሆን፣ ያም ቢሆን በአመዛኙ «የባህል ግጭት» የሚለውን ሐሳብ የሚከተል ነው፤ ምግቡ በርበሬ የበዛበት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ልጆች «ፈረንጅ» እያሉ ይከተላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድን መምህር ወለጋ ውስጥ ከማን ጋር እንዳቀራረበውና ከማን እንዳራቀው አያስረዳም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የውጭ መምህሩን የዕለት ኑሮ በይበልጥ የወሰኑት ሁለት ነገሮች ናቸው የሚል ነው፤ አንደኛው በክፍሉ ውስጥ የተሰጠው ስፍራ፣ ሁለተኛው «የአገሩ ቋንቋ» ተብሎ እንዲማረው የተደረገው ቋንቋ። ያለ ልዩ ምልክት የተጻፉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለንጽጽር ያህል ከጃፓን መነሣት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና በአሕጽሮት «ጄት» የሚባለው የጃፓን መንግሥት መርሐ ግብር በመጀመሪያው ዓመት ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ 848 ወጣቶችን አስመጣ። አብዛኞቹ የተመደቡት በረዳት የቋንቋ መምህርነት ነው። ረዳቱ የሚቆመው ከጃፓናዊው መምህር ጎን ነው፤ እርሱ ቢቀር ትምህርቱ አይቋረጥም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የሜጂ ዘመን መንግሥት የውጭ መምህራንን በውድ ደመወዝ የሚቀጥረው የራሱ ሰዎች እስኪደርሱለት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 በማትሱዌ ከተማ ማስተማር የጀመረውና በኋላ የጃፓን ዜግነት የወሰደው ጸሐፊ ላፍካዲዮ ሄርን፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሲሰናበት በስፍራው ከተተኩት አንዱ ገና ከለንደን የተመለሰው ናትሱሜ ሶሴኪ ነበር። የወለጋው የውጭ መምህር በሥራ ድርሻው የሚመሳሰለው ከዛሬው ረዳት ይልቅ ከሄርን ጋር ነው፤ ክፍሉን ብቻውን ይይዛል፤ ያልተሞላ ቦታ ሞልቶ ተተኪው እስኪመጣ ይቆያል።

በወለጋ የውጭ አገር ሰው ትምህርት ቤት ከፍቶ መኖር የጀመረው በሚስዮኖች ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ወደ ሳዮ፣ ማለትም ወደ ደምቢዶሎ ገባ። የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1928 በአይራ ተተከለ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ደግሞ በነቀምቴ ሥራውን አስፋፋ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን በስዊድን ተምረው የተመለሱት ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ከአስቴር ጋኖ ጋር ነቀምቴ ገብተው ነበር። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው፣ ነፃ ወጥተው፣ በኤርትራ ምድር የተገናኙ ኦሮሞዎች ናቸው። ያስተማሩትም ራሳቸው ባዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በአለባበሳቸውና በትምህርታቸው «ፈረንጅ የመሰሉት» እነዚህ መምህራን በከተማው ካህናት ዘንድ እንደ ባዕድ ተከሰሱ። ከተማሪ እናት ጋር ግን ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የውጭ መምህራን ይህን ማድረግ አልተቻላቸውም።

ምክንያቱ የግል ስንፍና ብቻ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች አዋጅ ቁጥር 3 በኢትዮጵያ ያለው አጠቃላይ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆንና ሚስዮናውያንም አማርኛ እንዲማሩ ደነገገ። የአካባቢ ቋንቋ የተፈቀደው ተማሪውና ሚስዮናዊው አማርኛ እስኪለምዱ ድረስ፣ ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነበር። በዚህ አዋጅ «የአገሩ ቋንቋ» ምን እንደሆነ ለውጭ መምህሩ አስቀድሞ ተወስኖለታል።

ይህ ውሳኔ በዕለት ኑሮ ላይ ያስከተለው ውጤት ጎልቶ የታየው ከ1955 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አዲስ አበባ ገቡ፤ የቡድኑ መሪ ሃሪስ ዎፎርድ ነበር። በአንድ ጊዜ የአገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር በእጥፍ ገደማ እንዳሳደጉት ይነገራል። በዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በተሰጣቸው የክረምት ሥልጠና አማርኛ ተምረው ነበር። ከእነርሱና ከተከታዮቻቸው ወደ ወለጋ የተመደቡት፣ በያኔው አጠራር ለቀምት ወደምትባለው የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። መንገዱ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮና በአኖ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባኮ ሲታለፍ በገበያው፣ በአውቶቡስ ማቆሚያውና በየደጃፉ የሚሰማው ቋንቋ ጥቂት ሳምንታት የተለማመዱት አማርኛ አልነበረም።

ሰዓቱና ዘመኑ ብዙ የተወራላቸው ቢሆኑም በፍጥነት የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። ጠዋት በሁለት ሰዓት የሚጀመር ትምህርት፣ አሥራ ሦስት ወር ያለው ዓመት፣ በሰባት ወይም በስምንት የሚያንስ ዓመተ ምሕረት አዲሱን መምህር ለአንድ ወር ያህል ያደናግሩታል። በጃፓን ያለው ባልደረባውም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሚቆጠር ዓመት በቅጽ ላይ መሙላት አለበት፤ እ.ኤ.አ. 2019 ለእርሱ የሬይዋ አንደኛ ዓመት ነው። ዝናቡ ግን በቀላሉ አይለመድም። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ነቀምቴ ዝናቡ ከሚያዝያ ማብቂያ ጀምሮ ይበረታል። ቆርቆሮ በለበሰ ክፍል ውስጥ ዝናቡ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ከፊተኛው ረድፍ አያልፍም። የዓመቱ ፈተና የሚደርሰው ደግሞ ልክ በዚያ ወቅት ነው።

ዋናው ጉዳይ ቋንቋው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ መምህሩ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ያልፋል። በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእርሱ ነውና። ከርእሰ መምህሩ፣ ከፖስታ ቤቱ ሠራተኛና ከፖሊሱ ጋር በአማርኛ ይግባባል። ከቀትር በኋላ ገበያ ሲወርድ፣ የቤት ኪራይ ሲከፍል፣ የታመመ ተማሪ ሊጠይቅ ሲሄድ የሚያስፈልገው አፋን ኦሮሞ ነው። ተማሪው ራሱ ይህን ሰንሰለት በተቃራኒው አቅጣጫ አልፎታል፤ ከቤት አፋን ኦሮሞ፣ ከአንደኛ ደረጃ አማርኛ፣ ከዚያም በላይ እንግሊዝኛ። እንግዲህ ሦስቱንም ቋንቋዎች የሚያውቀው ከሁሉም ታናሹ ተማሪው ነው።

ከዚህ የተነሣ አስተርጓሚው ብዙውን ጊዜ ተማሪ ሆነ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ተጠይቆ አንገቱን የሚደፋ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ የመምህሩ አፍ ይሆናል፤ የዶሮ ዋጋ ይከራከራል፤ የሻጭዋን ቀልድ ይተረጉማል ወይም ሳይተረጉም ያልፋል። ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል የሚወስነው እርሱ ነው። ይህ የሥልጣን መገለባበጥ በሰላም ጓድ ላይ በተደረጉ ጥናቶች እምብዛም ትኩረት አላገኘም። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሄዱ በአማርኛቸው ይኮሩ ነበር፤ ተገቢም ነው። ያ አማርኛ ግን በከተማው ሰው ዘንድ የቢሮ፣ የፍርድ ቤትና የግብር ቋንቋ መሆኑን ሁሉም ተረድተውት ነበር ማለት ያስቸግራል። አንዳንዱ ጥቂት የአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ለምዶ «አካም ቡልተኒ» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው ሳቅና ደስታ ከትሕትናው ብቻ የመነጨ አልነበረም።

የስም ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በጃፓን መምህሩ በተማሪዎቹ ዘንድ ከስሙ ጋር «ሴንሴይ» እየተባለ ይጠራል። እዚህ ግን «ሚስተር» ወይም «ሚስ» የሚለው ቃል በመጠሪያ ስሙ ላይ ይቀጠላል፤ መምህሩም በበኩሉ የተማሪውን አባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ልጁን በአባቱ ስም ይጠራል፤ ክፍሉም ይስቃል። ይህ ስሕተት በአንድ ሳምንት ይታረማል። የማይታረም ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን አንዳንድ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ በመዝገብ የሚጻፍላቸው የአማርኛ ስም ሲሆን እናታቸው ቤት የምትጠራቸው በሌላ ነበር። መምህሩ የሚያውቀው የመዝገቡን ስም ነው። የልጁን ቤት ፈልጎ ቢሄድ፣ በዚያ ስም የሚታወቅ ሰው በሰፈሩ ላይኖር ይችላል።

መኖሪያውን በተመለከተ፣ በጎ ፈቃደኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው ከከተማው ሰው በተከራዩት ቤት ይኖሩ ነበር። ይህ ከሚስዮኖቹ የታጠረ ግቢ ለየት ያደርጋቸዋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ስለነበሩ ከሩቅ ገጠር የመጡ ተማሪዎች በከተማው ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ ከቤተሰብ ስንቅ እያስመጡ ይማሩ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ ትምህርቱም የሚያልቅበት ልጅ ብዙ ነበር። በመላው ኢትዮጵያ በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያሉትን ተማሪዎች ቤታቸው ማሳደር፣ ማብላትና ወጪያቸውን መሸፈን የተለመደ ነበር። ልጁ ውኃ ይቀዳል፣ ይላላካል፣ ያስተረጉማል፤ ማታ በኩራዝ ሳይሆን በመምህሩ ፋኖስ ያጠናል። ግንኙነቱን ልግስና ብቻ ወይም ጉልበት ብቻ ብሎ መፈረጅ አይቻልም። ለበዓልም ልጁ መምህሩን ወደ ወላጆቹ ቤት ይዞ ይሄዳል። የትምህርት ዘመኑ የሚከፈትበት ወቅት ለመስቀል ቅርብ በመሆኑ አዲሱ መምህር ከወለጋ ምግብ አስቀድሞ ከሚያውቃቸው አንዱ ለዚያ በዓል የሚቀርበው አንጮቴ ነው፤ ከመሬት የሚወጣ ሥር ሆኖ ተቀቅሎ በቅቤ የሚበላ። ጩምቦና በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬም ይከተላሉ። በእነዚህ ማዕዶች ላይ መምህሩ የሚበላው ብዙ፣ የሚናገረው ጥቂት ነው።

የሕንድ መምህራን ታሪክ ከዚህ ይለያል። ከኬረላ ግዛት የመጡት ብዙዎቹ በትምህርት ሚኒስቴር ውል ተቀጥረው፣ ትዳር ያላቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው በየጠቅላይ ግዛቱ ኖረዋል፤ ከበጎ ፈቃደኛው ሁለት ዓመት በላይ የቆየ ብዙ ነው። ቤታቸው ውስጥ የራሳቸው ቋንቋና ወጥ ስለነበራቸው በተማሪ ላይ የነበራቸው ጥገኝነት ያነሰ ነው፤ ለዚህም ይመስላል ተማሪዎች ስለ አሜሪካኖቹ ቤት፣ ስለ ሕንዶቹ ግን ስለ ሒሳብና ፊዚክስ ትምህርታቸው የሚያወሩት። በዚህ ረገድ የተጻፈው ነገር ከሚገባው በታች ነው።

የውጭ መምህሩን ቦታ የለወጠው ሶሴኪን የመሰለው ተተኪ በ1957 ዓ.ም. መጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ የሚያዝዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ አሜሪካዊው፣ ሕንዳዊውና ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወጣቱ የዩኒቨርሲቲውን ክርክር ይዞ መጣ፤ «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወረደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰላም ጓድ ራሱ የተቃውሞው ዒላማ ሆነ። ትናንት ገበያ ያስተረጎመው ልጅ ዛሬ መምህሩ አገሩን ለቆ እንዲሄድ በሰልፍ ይጠይቃል፤ ምሽት ላይም እዚያው መምህሩ ቤት ያድራል። ይህን እንደ ቅራኔ ማየት የሚቀናው ከውጭ ለሚመለከት ነው። ለተማሪው ግን ሰውየውና መንግሥቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ድርጅቱ ከኢትዮጵያ ወጣ።

ዛሬ የቋንቋው ሥርዓት ተገልብጧል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ፊደል የክልሉ የሥራና የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በሌሎቹ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች እንደታየው የሕንድ መምህር ወደ ነቀምቴ ቢመጣ፣ ከቢሮውም ከገበያውም ጋር የሚያገናኘው ቋንቋ አንድ ነው ማለት ይቻላል።

የቀድሞዎቹ በጎ ፈቃደኞች ደብዳቤና ማስታወሻ በቦስተን በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ተሰብስቦ ይገኛል። የመምህሩ ሐሳብ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ አለ፤ የተርጓሚው ግን የለም። በ1955 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የነበሩት የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢዶሎ ልጆች አሁን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ገበያ ላይ የትኛውን ቃል ተርጉመው የትኛውን እንዳስቀሩ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ በቃል ታሪክ ሊሰበሰብ የሚችለውም በአፋን ኦሮሞ ሲጠየቁ ነው።