ስለ ኢንሱሊን ምርመራ የሚባለውና እውነታው

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛትና በእንቁላል አምራች ዕጢዎች ላይ የሚታዩ በርካታ ጥቃቅን የእንቁላል ከረጢቶች በተለያየ መጠን የሚጣመሩበት የጤና ችግር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኢንሱሊን ሬዚስታንስ ጋር አብሮ ይገኛል። ይኸውም ሰውነት ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲዳከም፣ ቆሽት ጉድለቱን ለመሙላት ኢንሱሊን አብዝቶ የሚያመነጭበት ሁኔታ ነው፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ዕጢዎቹ ተጨማሪ የወንዴ ሆርሞን እንዲያመርቱ ይገፋፋል።

ከዚህ በመነሣት ችግሩ ያለባት ሴት ሁሉ የኢንሱሊኗን መጠን ማስለካት እንዳለባት፣ ምርመራው በአካባቢዋ ካልተገኘም ከቢጠና ወይም ከወላይታ ሶዶ ተነሥታ ረጅም መንገድ አቋርጣ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባት ማሰብ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ግን ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የችግሩ ዋና ገጽታ መሆኑን ተቀብሎ፣ በመደበኛ ሕክምና እንዲለካ አይመክርም። ትክክለኛው መለኪያ ኢንሱሊንና ግሉኮስ በደም ሥር ለሰዓታት እየተሰጡ የሚከናወን፣ ለምርምር ብቻ የሚመች ዘዴ ነው፤ በጾም ከተወሰደ ደም ላይ በቀመር የሚሰላው ግምት ደግሞ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ ለአንዲት ታካሚ ውሳኔ አያስተማምንም። ስለዚህ መለካት ያለበት ስኳሩ ነው፤ ለዚህም የአዲስ አበባ መንገድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

«የጾም ስኳሬ ደህና ነው» የሚለው መጽናኛም በቂ አይደለም፤ ቆሽት አብዝቶ እየሠራ ሳለ የጠዋቱ ስኳር ለዓመታት ጤናማ መስሎ ሊቆይ ይችላልና። ይበልጥ አስተማማኙ ምርመራ በጾም ደም ከተወሰደ በኋላ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ2 ሰዓት በኋላ ደሙን ደግሞ መለካት ነው፤ ሁለተኛው ውጤት በዴሲ ሊትር ከ140 እስከ 199 ሚሊ ግራም ሲሆን ለስኳር በሽታ መቃረብን፣ 200ና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ በሽታውን ያመለክታል። ብዙ ታካሚዎች ውጤቱ እንዲያምር በማሰብ ከምርመራው በፊት ለቀናት ምግብ ይቀንሳሉ፤ ይህ ግን የስኳሩን መጠን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በቀደሙት 3 ቀናት ቆጮውንም፣ ስኳር ድንቹንም፣ በቆሎውንም እንደ ወትሮው መብላት ይገባል። የቀናት ጾም ጸሎት ገና የጨረሰች ሴት ቀጠሮዋን ብታራዝም ይሻላታል።

ያለ ጾም የሚሠራው፣ የ3 ወር ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ምርመራ ምቹ ቢሆንም፣ የቀይ ደም ሕዋሳትን ዕድሜ የሚያሳጥር ወይም የሚያራዝም ማንኛውም ነገር ያሳስተዋል፤ ስለዚህ ወባ በሚበዛባቸው በአባያ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች፣ እንዲሁም የደም ማነስ ባለባት ሴት ዘንድ፣ ውጤቱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ችግሩ የወፍራሞች ብቻ ነው መባሉም ስሕተት ነው፤ ቀጫጮችም ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ይኖርባቸዋል። በአንገት ዙሪያና በብብት የሚታየው፣ ታጥቦ የማይለቅ ወፈር ያለ ጥቁረትም ብዙ ጊዜ የእርሱ ምልክት እንጂ እድፍ አይደለም፤ ልጃገረዶች ያለ ጥፋታቸው የሚወቀሱበት መሆኑ ያሳዝናል።

የስኳር ምርመራው ችግሩ በታወቀበት ጊዜ ተደርጎ፣ እንደ ታካሚዋ ተጋላጭነት ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይደገማል። ማርገዝ የምታስብ ሴት ከእርግዝና በፊት ብታደርገው ይመረጣል፤ ያ ካልሆነ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ይሠራል፣ የቀደመው ውጤት ደህና ቢሆንም በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከል ይደገማል።