የኢንተርኔት ስም መዝጋቢና ተቆጣጣሪ ሲካሰሱ ጉዳቱ ለደንበኛው ይተርፋል

አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲከፍት የሚያስመዘግበው የኢንተርኔት ስም ወይም «ዶሜይን» እንደ ሕንፃና እንደ ተሽከርካሪ በንብረት መዝገብ የሚሰፍር ሀብት ሳይሆን፣ በየጊዜው ክፍያ እየተፈጸመ የሚታደስ የውል መብት ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር ሆኖ የዶት ኮም ስም የሚያስመዘግብ ተቋም የሚዋዋለው ከመዝጋቢው ድርጅት ጋር ሲሆን፣ መዝጋቢው ደግሞ የዓለም አቀፉን የስም አሰጣጥ ሥርዓት ከሚያስተባብረውና መቀመጫው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከሆነው አይካን ከተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ጋር ሌላ ውል ይገባል። ደንበኛው የዚህ የሁለተኛው ውል ፈራሚ አይደለም፤ ውሉ ሲፈርስ ግን ጉዳቱ ይደርስበታል።

ለዚህ ዋናው ማሳያ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመበት በ1999 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ የተከሰተው የሬጅስተርፍላይ ጉዳይ ነው። የዚህ መዝጋቢ ደንበኞች ክፍያ ፈጽመው ሳለ ስማቸው እንዳልታደሰላቸው፣ ወደ ሌላ መዝጋቢ ለመዛወር የሚያስፈልገውን የይለፍ ኮድም እንደተከለከሉ በመግለጽ አቤቱታ አቀረቡ። አይካን በየካቲት ወር የውል ጥሰት ማስታወቂያ ሰጠ፤ በመጋቢት ወር ውሉን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ ድርጅቱ የደንበኞችን መረጃ አሟልቶ ባለማስረከቡም ክስ መሥርቶ በሚያዝያ ወር የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አስወጣ። በግንቦት ወር መጨረሻ 850 ሺህ የሚሆኑ ስሞች ጎዳዲ ወደተባለው ሌላ መዝጋቢ እንዲዛወሩ ስምምነት ተደረሰ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስከመድረስ የዘለቀበት ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። በዚያን ጊዜ የዶት ኮም ማዕከላዊ መዝገብ የሚይዘው እያንዳንዱ ስም በየትኛው መዝጋቢ በኩል እንደተመዘገበ እንጂ የባለመብቱን ማንነት አልነበረም። የባለመብቱ ስምና አድራሻ በመዝጋቢው እጅ ብቻ ስለነበር፣ መዝጋቢው እምቢ ሲል ማን የምን ባለቤት እንደሆነ ማረጋገጥ አዳጋች ሆነ። መዝጋቢዎች የመረጃውን ቅጂ በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ እንዲያስቀምጡ የሚያስገድድ አንቀጽ በውሉ ሰፍሮ ነበር፤ ሳይሠራበት መቆየቱ ግን ተቆጣጣሪውንም ከወቀሳ አላዳነውም። አይካን የአደራ አገልግሎቱን የሚሰጥ ድርጅት የመረጠው በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማ ሲሆን፣ የመዝጋቢዎቹ ውልም በ2009 እና በ2013 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል።

በአገራችን መለያ በዶት ኢቲ ስር ያሉ ስሞች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻዎች ጭምር፣ ከዚህ የውል ሰንሰለት ውጪ ናቸው። የመለያው አስተዳዳሪ ኢትዮ ቴሌኮም በመሆኑ በዚህ ላይ የሚነሳ ቅሬታ ለአይካን አይቀርብም፤ መፍትሔው የሚፈለገው በአገር ውስጥ ውልና ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ዘርፉን እንዲቆጣጠር የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በሁለቱም ሁኔታ ክርክር ሲነሳ የሚታየው በመዝገቡ የሰፈረው ስም ነው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ስሙን በራሱና በግል ኢሜይሉ አስመዝግቦት ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ደረሰኝ ቢኖረውም እንኳ ባለመብትነቱን ለማስረዳት ይቸገራል። የዶት ኮም ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑም የእድሳቱ ቀን ከሐምሌ የበጀት መለቀቂያ ወቅት ጋር ሲጋጭ መዘግየት ሊያጋጥም ይችላል። ስሙን በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ማስመዝገብ የተፈቀደ ነው፤ ጊዜው አልፎ ስሙ ከመዝገብ ሲሰረዝም ባለመብቱ ተጨማሪ ክፍያ ፈጽሞ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለው።