ወፍን በካሜራ ማደን፤ በመጠነኛ ሌንስ ለሚጀምሩ እናቶች

ፎቶግራፍ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሠርግ፣ ክርስትናና የምረቃ ቀን ነው። ካሜራ ያለው ቤተሰብም ቢሆን ዕቃውን ከሣጥን የሚያወጣው በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ ስለሚያነሳ ካሜራው ጭራሹን እየተረሳ ሄዷል። ይሁን እንጂ አብዛኛው የእጅ ስልክ በሚገባ የማይወጣው አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ወፍን ማንሳት ነው። ከአጥር ላይ ያረፈችውን ወፍ በስልክ ያነሳ ሰው ሥዕሉን ሲመለከት የሚያገኘው ዝንብ የምታክል ነጥብ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው፣ መጠነኛ የማቅረቢያ ሌንስ ያላት እናት ወይም ሠራተኛ ከግቢዋ ሳትርቅ የወፍ ፎቶግራፍ ማንሳትን እንዴት ልትጀምር እንደምትችል ይሆናል።

“ይህ የቱሪስትና የባለጸጋ ጨዋታ ነው፤ ልጅ የምታሳድግ ሴት ለዚህ ምን ጊዜ አላት?” የሚሉ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀኑን በሥራ ቦታ ውላ፣ ማታ ምድጃና ልብስ የሚጠብቃት ሴት የራሷ የምትለው ሰዓት በጣም ጥቂት ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው፣ ለእናት የሚፈቀድላት ዕረፍት ሁልጊዜ ሌላ ሥራ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዳንቴል ትሠራለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ቡና ታፈላለች፤ ከእያንዳንዱም ለሌላው ሰው የሚተርፍ ነገር ይወጣል። ወፍ ስትጠብቅ የተቀመጠች ሴት ግን ለማንም የምታቀርበው ነገር የለም። ጎረቤትን የሚያስገርመውም ይኸው ይመስለኛል። በእኔ አስተያየት በሳምንት አንድ ሰዓት እንዲህ ላለው ነገር መስጠት ቤተሰቡን የሚጎዳበት ምክንያት የለም።

የገንዘቡ ነገር ግን ሌላ ነው። ከቀለብና ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ቀንሶ ሌንስ መግዛት አይመከርም። ሁለት ወይም ሦስት ወዳጆች በዕቁብ መልክ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ያገለገለ ካሜራ ቢገዙና በየሳምንቱ ተራ ቢገቡ ይበቃል፤ ወፍ የሚያነሳ ሰው ካሜራውን በየቀኑ አይፈልገውምና። ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ በአንድ ወገን የባትሪ ብርሃን እያበሩ በሌላው ወገን ወደ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል። እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ነጫጭ ክሮች ከታዩ ሌንሱ ሻጋታ ይዞታል ማለት ስለሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው።

መጠነኛ የምንለው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 250 ወይም ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚል የተጻፈበት ነው። የወፍ ፎቶግራፍ ባለሙያዎች የ500 እና የ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተሸክመው ሲዞሩ ያየች ሴት የራሷ ሌንስ ትንሽ መስሎ ቢታያት አያስደንቅም። ሆኖም በአብዛኞቹ መካከለኛ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ከጥንቱ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያነሰ ስለሆነ፣ የ300 ሌንስ በእንዲህ ያለው የኒኮን ካሜራ ላይ 450 ያህል፣ የ250 ሌንስ ደግሞ በካኖን ላይ 400 ያህል ሆኖ ያቀርባል። ይህ ለጀማሪ ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት በቃል መያዝ ይጠቅማል። የ300 ሌንስ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ፎቶግራፉ ውስጥ የሚያስገባው ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ5 ሜትር ላይ ደግሞ የዚህ ግማሽ ይሆናል። እንግዲህ 10 ሜትር ማለት በአዋቂ ሰው እርምጃ ከ13 እስከ 14 እርምጃ ስለሆነ፣ እርግብ በዚህ ርቀት ላይ የፎቶግራፉን ሲሶ ያህል ትሞላለች፤ ድንቢጥ ግን ትጠፋለች። ለድንቢጥ ከ5 ሜትር በታች መቅረብ ግድ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ሌንሱን የሚወቅሰው ርቀቱን ሳይቆጥር ነው።

ወደ ወፍ እየተራመዱ መቅረብ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ብልሃቱ ወፉ ወደ እርስዎ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ለዚህም ከቤት መስኮት የተሻለ መደበቂያ አይገኝም። መጋረጃውን ከፈት አድርገው፣ የክፍሉን መብራት አጥፍተው፣ ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጡ። መስታወቱ መከፈት አለበት፤ በመስታወት ውስጥ የተነሳ ፎቶግራፍ ይደበዝዛል። ከመስኮቱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቆ አንድ ሰፊ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ሣህን ያስቀምጡና ጥቂት ድንጋዮች ጨምረው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይሙሉበት። ጥልቅ ውሃ ትንንሽ ወፎችን ያሰምጣል። ውሃውን በየቀኑ መለወጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የወባ ትንኝና ሌላው ቢንቢ ይራባበታል። ድመት ያለበት ቤት ግን ሣህኑን ከቁጥቋጦ አርቆ ገላጣ ቦታ ላይ ማድረግ አለበት። በበጋው ወራት፣ በተለይም ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ሣህኑ ባዶ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው።

የአዲስ አበባ እናት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ የተሠራ በመሆኑ፣ የውጭ አገር ሰዎች ውቅያኖስ አቋርጠው ሊያዩዋቸው የሚመጡ ወፎች እዚህ በየጣራውና በየሜዳው ይውላሉ። ማለዳ በመንጋ እየተንጫጫ በሰማይ የሚያልፈው፣ በሣር ላይ ሲሄድ ወደ ታች በቆለመመ ረዥም ምንቃሩ መሬት የሚወጋው ጥቁር ወፍ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ ነው። ከማጅራቱ ነጭ ምልክት ያለው ግራጫ እርግብም እንዲሁ። ሁለቱም ሰው ስለለመዱ ለጀማሪ ይመቻሉ፤ የመጀመሪያው በተለይ ትልቅ ስለሆነ በ10 ሜትር ርቀት ፎቶግራፉን ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ሬት ወይም ሌላ አበባ የተከለ ግቢ ደግሞ ምንቃረ ቀጭኗን፣ በፀሐይ የምታብለጨልጨዋን የአበባ ማር መጣጭ ወፍ ያገኛል። ከእነዚህ አንዱ ዝርያ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ሁሉ በተከዜ ወንዛችን ስም ይጠራል።

ብርሃንን በተመለከተ፣ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቶሎ ከአናት ላይ ትወጣለች። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ወፎቹም ያርፋሉ፤ እርስዎም ምሳዎን ያዘጋጁ።

የካሜራው አሞላል ብዙ ሰው የሚያስፈራ ቢመስልም ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። ለተቀመጠ ወፍ የሹተሩን ፍጥነት ከሰከንድ 1/500ኛ፣ ለሚበር ወፍ ከ1/1000ኛ እስከ 1/2000ኛ ያድርጉት። የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ላይ፣ ብርሃን ከበቃ ኤፍ 8 ላይ ማድረግ ነው፤ መጠነኛ ሌንሶች ብዙውን ጊዜ ኤፍ 8 ላይ ጥራት ይጨምራሉ። አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ከ400 እስከ 800፣ በደመናማ ቀን እስከ 1600 ከፍ ማድረግ ይቻላል። ትንሽ ሻካራ ሆኖ የወጣ ሥዕል ከተንቀጠቀጠ ሥዕል ይሻላል። ፎከሱ ምንጊዜም ዓይን ላይ ይሁን፤ ክንፉ ቢደበዝዝ ይታለፋል፣ ዓይኑ የደበዘዘ ወፍ ግን የሞተ ይመስላል። ሰማይን ከኋላው አድርጎ የተቀመጠ ወፍ ጠቁሮ እንዳይወጣ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ መጨመር፣ በጥቁር ዛፍ ፊት ያለ ነጭ ወፍ ከሆነ ደግሞ መቀነስ ነው።

እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም። ከአሮጌ ጨርቅ አንድ ክንድ የማይሞላ ከረጢት ሰፍተው ሽምብራ ይሙሉበትና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ሌንሱን ያሳርፉበት። ሽምብራው እንዳይነቅዝ በየጊዜው ፀሐይ ማስመታት ነው። ውድ ከሆነው ማቆሚያ የማይተናነስ አገልግሎት ይሰጣል፤ ችግር ከመጣም ሽሮ ይሆናል።

አሁን ጠንከር ብለን ልንናገርበት ወደሚገባን ጉዳይ እንለፍ። ጎጆ ያገኘች ጀማሪ መጀመሪያ የሚያምራት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ጫጩቶቹን ማንሳት ነው። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ቅጠሉ የተገለጠበት ጎጆ ለፀሐይ፣ ለዝናብና ለቁራ ይጋለጣል፤ እናቲቱም ሰው ሲመላለስባት ጎጆዋን ጥላ ልትሄድ ትችላለች። አፏ ውስጥ ምግብ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ የምትጮህ ወፍ ካዩ፣ እርስዎ በእሷና በልጆቿ መካከል ቆመዋል ማለት ነውና ወዲያው ይራቁ። ይህንን ለአንዲት እናት ብዙ ማስረዳት የሚያሻ አይመስለኝም። ወንጭፍ ይዘው የሚውሉ የሰፈር ልጆችም ጉዳይ አለ። እነሱን መቆጣት ብዙም አይረዳም። ካሜራውን በአንገታቸው አንጠልጥሎ በማሳያው መስኮት እንዲመለከቱ ማድረግ የበለጠ ይሠራል፤ ወፉን ለመምታት የሚያስፈልገው አነጣጠርና ትዕግሥት ለማንሳትም ያው ነውና ልጆቹ ቶሎ ይለምዱታል።

ግቢው የጠበባት ሴት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን መሞከር ትችላለች። ቅዳሜ ወይም እሑድ ወደ ቢሾፍቱ መሄድ የተመቸው ቤተሰብ ሆራ ሐይቅ ላይ የውሃ ወፎች ያገኛል። ለመጠነኛ ሌንስ ግን ከሐዋሳ አሞራ ገደል የሚስተካከል ቦታ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳዎቹ በሰው መካከል ስለሚቆሙ፣ አንዳንዴ ሌንሱ ቅርብ ሆኖባቸው ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉ ጎብኚዎች አሉ። ሲወጡ ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል። ረዥም ሌንስ የጥበቃ ሠራተኛን ዓይን ስለሚስብ፣ በግድብ፣ በድልድይና በመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ የተነሳውንም ማሳየት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ስለሚጨመሩ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። በመስከረም ቀይና ቢጫ ለብሰው በሣር ላይ የሚታዩት ወንዶቹ ወፎችም ጥቂት ቆይተው ድንቢጥ መስለው ስለሚጠፉ፣ የመስቀል ወፍ የሚለው አነጋገራችን ከየት እንደመጣ ያስረዳሉ።

ፎቶግራፉን ቀንና ቦታ ጽፎ ማስቀመጥ ደግሞ ከመዝናኛ ያለፈ ጥቅም አለው። በቄራ አካባቢ የምናየው ራሱ መላጣ ትንሹ ጥንብ አንሣ ተራ ወፍ ቢመስለንም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደብ ገብቷል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ኢበርድ የተባለው መዝገብ ከማንኛውም ሰው ቀን፣ ቦታና ፎቶግራፍ ይቀበላል። ከመስኮትዎ ያነሱት አንድ ጥንብ አንሣም እዚያ ይቆጠራል።

ክረምት ሲገባ ሌንሱን በሻንጣው ውስጥ ዘግቶ መተው አይገባም፤ ጨለማና እርጥበት ሲገናኙ ሻጋታ ይፈጠራል። ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ጥቂቶቹን ጨምሮ ማስቀመጥና ፀሐይ በወጣ ቀን አውጥቶ ማናፈስ ነው።