ኀዘንና ምስጋና በአንድ ቤት፦ የሚባለውና እውነቱ

ሞት የገባበት ቤት ወዲያው በሰው ይሞላል፤ ከሰውም ጋር ምክር ይገባል። ድንኳኑ ከተተከለበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰልስቱ፣ ከሰልስቱም እስከ ዐርባው ድረስ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ በቅን ልቡና «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከአባቶቹ የሰማውን፣ ከጎረቤት የቀዳውን፣ ከመጽሐፍና ከሬዲዮም የለቀመውን አነጋገር ለኀዘንተኛው ያካፍላል። በዚህ ምክር ውስጥ በብዙ ዘመን የተፈተነ ጥበብ አለ፤ ነገር ግን ተደጋግሞ ከመነገሩ የተነሣ ብቻ እውነት የመሰለ፣ ኀዘንተኛውንም በኀዘኑ ላይ በደለኛ የሚያደርገው አነጋገር አብሮ ይገኝበታል። በተለይ ምስጋናን የሚመለከተው ምክር እንዲህ ያለ ስለ ሆነ፣ በየቤቱ የሚባለውን እያነሣን ቅዱሳት መጻሕፍትና የዘመኑ የሥነ ልቡና ምርምር ከሚመሰክሩት ጋር ብናስተያየው፣ ኀዘን ላለበት ቤተ ሰብ የሚበጅ ይመስለኛል።

«አታልቅስ፤ እንደ ኢዮብ ተመስገን በል»

ከሁሉ የበዛው ይህ ነው። ኢዮብ ሀብቱና ልጆቹ በአንድ ቀን ባለቁበት ጊዜ የፈጣሪውን ስም መባረኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን ቃል ከመናገሩ በፊት ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድርም ላይ ወደቀ። ሦስቱ ወዳጆቹ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከአጠገቡ በመሬት ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተናገሩትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዝምታቸው ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ ግን ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተሟገተ፣ ምክንያቱ እንዲገለጥለት አጥብቆ ጠየቀ፤ ወዳጆቹም ኀዘኑን በምክር ሊዘጉበት እየተቀባበሉ ደከሙ። መጽሐፉ በ42ኛው ምዕራፍ ሲፈጸም ቍጣ የወረደው በመካሪዎቹ ላይ ነው፤ ቅን ነገር የተናገረው ያ ያለቀሰውና የተሟገተው ኢዮብ እንደ ሆነ ተመሰከረለት። እንግዲህ ኢዮብን ምሳሌ አድርጎ ዕንባ መከልከል፣ ከአርባ ሁለት ምዕራፍ አንዱን ብቻ አንብቦ መጽሐፉን እንደ መክደን ነው።

ክርስቶስም ወዲያው ከመቃብር ሊያስነሣው ላለው ለአልዓዛር ዕንባውን አፍስሷል። ነቢዩ ሙሐመድም በሕፃኑ ልጃቸው በኢብራሂም ሞት ዐይናቸው ዕንባ አቅርሯል፤ እስልምና የከለከለው ዋይታንና ልብስ መቅደድን ነው። የእኛም ሊቃውንት ፊት መንጨትንና ደረት መምታትን ሲገሥጹ ማልቀስን በደል ነው ብለው አላስተማሩም። በዐርባው ቀን በሚደርሰው ቅዳሴ ውስጥ ጸሎተ አኰቴት የሚባለው የምስጋና ጸሎት ይነገራል፤ ምስጋናው ሲቀርብ ዕለቱ የኀዘን ዕለት መሆኑ አልተሻረም፣ የቆመው ኀዘንተኛም ዕንባውን እንዲጠርግ አልታዘዘም።

«ምስጋና ኀዘንን ይፈውሳል»

ይህኛው ከፊሉ እውነት ስለ ሆነ ከፊተኛው ይልቅ መጠንቀቅ ያሻዋል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል መኩሎ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተማሪዎች አንዱን ወገን ለ10 ሳምንት በየሳምንቱ እስከ አምስት የሚደርሱ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች፣ ሌላውን ወገን ደግሞ ያስቸገሯቸውን ነገሮች እንዲጽፉ አድርገው፣ ምስጋናን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንደ ነበራቸው አገኙ፤ በሌላም ሙከራ የነርቭና የጡንቻ ደዌ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የሚቀራረብ ውጤት ታየ። ጥናቱ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን የተጠየቁት ተማሪዎችና ሕሙማን እንጂ ትናንት ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች አልነበሩም። ስለዚህ ይህን መሰሉን ግኝት ይዞ ለኀዘንተኛ «በየማታው ምስጋና ጻፍ፤ ይለቅሃል» ማለት ሊቃውንቱ ራሳቸው ያላሉትን ማለት ይሆናል።

ታዲያ ምስጋና በኀዘን ቤት ሥፍራ የለውምን? አለው፤ ግን የሚመጣው እንደምናስበው ጣፋጭ ሆኖ አይደለም። ሚስቱ የሞተችበትን ባል አስቡ። በርበሬው በየትኛው ዕቃ እንዳለ፣ የትንሿ ልጅ ጠጉር እንዴት እንደሚጐነጐን፣ የዕድሩ ወርኃዊ መዋጮ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፣ አማቱ የሚወስዱት መድኃኒት መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ይህን ሁሉ የምታውቀው እርሷ ነበረች። እያንዳንዱን በተማረ ቍጥር፣ በሕይወቷ ሳለች ያላያትን ድካሟን ያያል፤ ያን ጊዜ በልቡ የሚነሣው ስሜት ምስጋናም ጸጸትም ስለ ሆነ ስም ሊያወጣለት ይቸግረዋል። የኀዘንተኛ ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዘግይቶ የሚደርስ፣ መራራም ያለበት ነው። መራራነቱን አይቶ «ገና አላመሰገንሁም» ብሎ ራሱን የሚከስስ ሰው ግን ይሳሳታል፤ ያች የበርበሬ ዕቃ ፍለጋ ራሷ ምስጋና ናት።

በሌላ ወገን ደግሞ ለሕያዋን የሚሆን ምስጋና አለ፤ ይህም የሚበቅለው ከጥቃቅን ነገር ነው። ሳትጠራ እዝን ይዛ የገባችው ጎረቤት፣ ሳይታዘዝ ውኃ የቀዳው የበኵር ልጅ፣ ሌሊት እናቷ ስታለቅስ ሰምታ ምንም ሳትናገር ከጎኗ የተኛችው ሴት ልጅ፣ ቡናው ሲፈላ የሟቹን መቀመጫ ባዶ ትተው ዙሪያውን የተቀመጡት ወንድማማች፣ እነዚህ ሁሉ ኀዘኑን አያነሡትም፤ ነገር ግን ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳልተሸከመው ያስረዱታል። እኔ የማምነው ፈውስ የሚባለው ነገር ከዚህ ማወቅ እንደሚጀምር ነው። ምስጋና ከውጭ በሚመጣ ትእዛዝ አይወለድም፤ ለዚህ ነው በልጅ ሞት ለምትቃጠል እናት «ሌሎቹን ስለ ተወልሽ ተመስገን በይ» ማለት ጭካኔ የሚሆነው። ያንኑ ቃል በራሷ ጊዜ በራሷ አፍ ልትለው ትችላለች፤ ሌላው ሰው ግን አስቀድሞ ሊልላት አይገባም።

«በሌላ ይተካል፤ ስሙንም አታንሡ»

እንደገና ወደ ኢዮብ ልመለስ። በመጨረሻው ሀብቱ ሁሉ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት፤ 7,000 የነበሩት በጎች 14,000፣ 3,000 የነበሩት ግመሎች 6,000 ሆኑ። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ሆነው ተወለዱ እንጂ እጥፍ አልሆኑም። ይህን ያስተዋሉ መተርጕማን፣ በጎቹ ጠፍተው ነበርና እጥፍ ተተኩ፣ የፊተኞቹ ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ናቸውና እንደ ጠፉ አልተቈጠሩም ብለው ተርጕመውታል። ከዚህ የበለጠ ለልጅ ኀዘንተኛ የሚነገር ትርጓሜ አላውቅም።

የአውሮጳም ሊቃውንት በዚህ ነገር አሳባቸውን ለውጠዋል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 ባሳተመው ድርሳን የኀዘን ሥራ ልብን ከሟቹ ጥቂት በጥቂት ማላቀቅ መሆኑን ጽፎ ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም ይህን እንደ ሕግ ያዙት። ነገር ግን በ1920 ሶፊ የተባለች ልጁ በኅዳር በሽታ ሞተችበት፤ በ1923ም የእርሷ ልጅ የሆነው ሕፃን ተከተላት። ፍሮይድ በ1929 ልጁ ለሞተበት ሐኪም ለሆነው ለወዳጁ ለሉድቪግ ቢንስቫንገር በላከው ደብዳቤ፣ የኀዘኑ ብርታት እንደሚበርድ፣ ምትክ ግን ከቶ እንደማይገኝ፣ እንዲህም መሆኑ ፍቅርን የምናጸናበት መንገድ ስለ ሆነ ተገቢ መሆኑን ገለጠለት። ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን ደግሞ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ብዙ ጤነኛ ኀዘንተኞች ከሟቹ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሳይበጥሱ፣ መልኩን ለውጠው ይዘውት እንደሚኖሩ አስረዱ።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሰልስት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለች የሟቹን ስመ ክርስትና በጸሎት የምትጠራ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት አገር፣ የሟቹን ስም በቤት ውስጥ መጥራት ቍስል መቀስቀስ ነው የሚል አነጋገር ከየት እንደ መጣ ይደንቀኛል። ቍስሉ ያልተጠራበት ቀን የለምና፣ የሚቀሰቀስ የለም። «ይህን ወጥ አባታችሁ ይወደው ነበር» የምትል እናት ልጆቿን አታሳዝንም፤ አባታቸውን በማዕዱ ዘንድ ታቈይላቸዋለች።

«ከዓመቱ በኋላ ኀዘን የለም»

ጥቁር ልብስ የሚወልቅበት ቀን አለ፤ ይህም መልካም ሥርዓት ነው። የእስልምና ሕግም ለሌላው ኀዘንተኛ ሦስት ቀን፣ ባሏ ለሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከዐሥር ቀን ወስኗል። ሥርዓቱ የሚወስነው ግን የውጭውን ጠባይ ነው፤ የልብን ጊዜ የሚወስን ሕግ የለም። ከውጭ የመጣውና በከተሞቻችን የተለመደው «አምስት ደረጃዎች» የሚባለው ትምህርትም እንዲሁ ተዛብቶ የተያዘ ነው፤ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በ1969 መጽሐፏን ያሳተመችው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነበር፤ ደረጃዎቹም በመጀመሪያ የተነገሩት ስለ እነዚያ ሕሙማን ነበር። ኀዘንተኛው ከቍጣ ወደ መቀበል በተራ ካልተሻገረ ጐደሎ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ሐኪም የሚያሻው ኀዘን መኖሩን መካድም አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ወር በላይ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2022 ባወጣው መዝገብ ለአዋቂ ሰው ከ12 ወር በላይ፣ ናፍቆቱ ሳይቀንስ ሥራንና ኑሮን ያቋረጠበትን ሰው ሕክምና እንደሚገባው ቈጥረውታል። እንዲህ ላለው ሰው ጸበልም ጸሎትም ሐኪምም አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«መሣቅ ሟቹን መክዳት ነው»

ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ በኔዘርላንድ የሠሩ ሊቃውንት በ1999 እንዳስረዱት፣ ጤነኛ ኀዘንተኛ በሁለት ነገር መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ኀዘኑ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኑሮው። በ1997 ደግሞ ዳከር ኬልትነርና ጆርጅ ቦናኖ ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ሟች የትዳር ጓደኛቸው ሲናገሩ ከልብ የሣቁ ኀዘንተኞች ጭንቀታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በለቅሶ ቤት ሌሊቱ ሲገፋ የሟቹን ቀልድ የሚያወሩ አዛውንት ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር።

«ልጆች አይገባቸውም»

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «እማማ መንገድ ሄዳለች» የተባለ ሕፃን በር በር እያየ ይጠብቃል፤ «አባባ ተኝቷል» የተባለ ሕፃን መኝታን ይፈራል። አብዛኞቹ ልጆች ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ የሞተ እንደማይመለስ ማስተዋል ይጀምራሉ፤ ከዚያ በታች ያሉትም ቢሆኑ የቤቱን ጠባይ መለወጥ ያውቃሉ። ስለዚህ በአጭርና በግልጥ ቃል «ሞቷል፤ አይመለስም፤ የሞተው በአንተ ጥፋት አይደለም፤ እኛ አለንልህ» ሊባሉ ይገባል። ልጅ አልቅሶ ወዲያው ወደ ጨዋታው ቢሮጥ ልበ ደንዳና ሆኖ አይደለም፤ በዕድሜው ልክ እያዘነ ነው።

በባዕድ አገር ያሉ ልጆቻችንም ከዚህ ጋር ይነሣሉ። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እንዳትደነግጥ እየተባለ የእናቷ መርዶ ብዙ ወር ሊቈይባት ይችላል፤ ዛሬ ግን ወሬው በስልክ ከመርዶ ነጋሪው ቀድሞ ይደርሳል፤ ብቻዋን የሰማችውም ልጅ ከሞቱ ሌላ በመታለሏም ታዝናለች። በአሜሪካና በአውሮጳ ያሉ ወገኖቻችን ወዳጆችን አሰባስበው በማለዳ የሚያረዱበት ልማድ ግን መልካም ነው፤ መርዶ የሚሰማው ሰው በዚያች ሰዓት ብቻውን አይደለምና።

ወገኖቼ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ የዕድሩ ወንበር ከተመለሰ በኋላ የኀዘንተኛውን በር የሚያንኳኳ ጥቂት ነው። ዐርባው ያለፈበት ቤት የምታውቁ ከሆነ በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ ምክር አትያዙ፤ የሟቹን ስም ጠርታችሁ ስለ እርሱ ጠይቁ፤ ልጆች ካሉ የትምህርት ቤት ሥራቸውን አሠሯቸው፤ ባለቤቲቱ ብታለቅስም ደንግጣችሁ አትነሡ፤ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ተቀመጡ።