ፊታቸው የተጠረበ ወርቃማ ሰዎች

ለሳሎንዎ ግድግዳ በወርቅ የተለበጠ ጥንታዊ የቻይና የእንጨት ቅርጽ ሊገዙ አስበዋል? ከወርቁ በፊት የተቀረጹትን ሰዎች ፊት ይመልከቱ።

በደቡብ ቻይናዋ ቻኦጆው ባለሙያዎች እንጨቱን በንብርብር ፈልፍለው፣ ላከር ቀብተው፣ ከወረቀት የሳሳ ወርቅ ይለጥፉበታል። የአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ አዳራሾች የሚያጌጡት በዚህ ነበር። በባህል አብዮቱ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1966–1976) ግን በአገሪቱ እንዲህ ያሉ ብዙ ቅርጾች ወደሙ፤ የአንዳንዶቹ ሰዎች ፊት በመሮ ተጠረበ።

ሻጩ «ፊቱን እንሥራልዎ፣ ወርቁንም እናድሰው» ካለዎት እሺ አይበሉ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና የሚያብለጨልጭ ዕቃ ቶሎ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። እርስዎ የሚገዙት ግን ያንን ዕድሜ፣ ያንን ጠባሳ ጭምር ነው። ገልብጠው ጀርባውንም ይዩት።

ከሰቀሉት በኋላ ቀጥተኛ ፀሐይ አያግኘው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ፤ እርጥብ ጨርቅ ወርቁን ይዞት ሊሄድ ይችላል።