ያልተጠራው ተርብ

ካርቱም የኖረ ሐበሻ አል-ሳሃፋን አያጣትም። ስሟ በዐረብኛ «ጋዜጠኝነት» ማለት ነው፤ የኖረባት ሰው ግን የሚያስታውሳት በጋዜጣ ሳይሆን በገበያዋና በሚኒባሷ ነው። ከዚያ ከደቡብ ካርቱም ተነስቶ ዓባይን በግራው አድርጎ ወደ ወድ መደኒ የሚጓዝ ሰው ከከተማው ከራቀ በኋላ በቦይ የተሸነሸነ ለጥ ያለ ሜዳ ይቀበለዋል። ገዚራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በተጠናቀቀው የሰናር ግድብ የሚጠለፈው የእኛው ዓባይ እዚህ ሁለት ሚሊዮን ፈዳን ገደማ መሬት ያጠጣል። የሜዳው ንጉሥ ለብዙ ዘመን ጥጥ ነበር።

ተባይን በተባዩ ጠላት ስለመቆጣጠር ለማውራት ከዚህ ሜዳ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በ1960 አካባቢ የገዚራ ጥጥ በአንድ ወቅት የሚረጨው አንዴ ቢሆን ነው። በ1970ዎቹ መገባደጃ ላይ ርጭቱ ወደ ዘጠኝ ደርሷል። መርዙ ጨመረ፣ ተባዩ ግን አልቀነሰም። ዲዲቲና መሰሎቹ ጓይ ትልን ሲያሳድዱ፣ እምብዛም የማያስፈራው ነጭ ዝንብ የሜዳው ጌታ ሆነ። ይህ ዝንብ ከቅጠሉ ጀርባ ተሰግስጎ ጭማቂ ይመጥና ጣፋጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ፈሳሹ በፈነዳው ጥጥ ላይ ሲያርፍ ክሩ ይጣበቃል። የሚጣበቅ ጥጥ ደግሞ መፍተያ መኪናውን ይዘጋል፤ ገዢም ያሸሻል።

ነገሩ ቆይቶ ሲመረመር መርዙ ከነጭ ዝንቡ ይልቅ ነጭ ዝንቡን የሚበሉትን ጨርሷቸው ተገኘ። ደመወዝ ሳይከፈላቸው ማሳውን ሲጠብቁ የኖሩ፣ ማንም ያልቆጠራቸው ጥቃቅን ፍጡራን ናቸው። ከ1979 ጀምሮ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሱዳን ተመራማሪዎች ጋር በገዚራ ባካሄደው ፕሮጀክት መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ ማሳው ውስጥ ማን አለ? መልሱ እየተገኘ ሲሄድ «አሁን ይረጭ» የሚያሰኘው የተባይ ቁጥር ከፍ ተደረገ፤ ርጭቱም ቀነሰ። ትሪኮግራማ የተባለች፣ ከነጥብ የማትበልጥ ተርብም ከውጭ መጥታ ተለቀቀች። እሷ የራሷን እንቁላል የምትጥለው ጓይ ትል እንቁላል ውስጥ ነው። ትሉ ሳይፈለፈል ያልቃል።

«እሾህን በእሾህ» እንላለን። አባባሉ ግን እሾሁን ከየት እንደምናመጣው አይነግረንም። እሱን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። ሰሜን ካርቱም ሻምባት ያለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ግብርና ፋኩልቲ፣ እኛ ዘንድ ሐረማያ፣ ናይሮቢ ደግሞ ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 ያቋቋመው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ የዚህ ሙያ ደጆች ናቸው። ኢሲፔ ከ1983 ጀምሮ አፍሪካውያን ወጣቶችን ለፒኤችዲ ያሠለጥናል። ምርምሩ እዚያው ይሠራል፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ተማሪው የተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ነጭ ጋዋንና ማይክሮስኮፕ ይመስላል። አብዛኛው ግን ጭቃና ጆንያ ነው። ተማሪው ከማሳ ማሳ እየዞረ የተጎዳ የበቆሎ አገዳ ይቆርጣል፤ ይሰነጥቃል፤ ትሉን አውጥቶ ለየብቻው ብልቃጥ ውስጥ ያኖራል፣ ይመግባል፣ በየቀኑ ያያል። ከመቶ ትል ሠላሳው ላይ ተርብ ቢወጣ፣ በጥገኛ የተያዘው 30 በመቶ ነው ይባላል። ስሌቱ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ታዲያ ብልቃጥ ውስጥ ሳይታወቅ የሞተው ትል በየት ይቆጠር? ዛሬ ባትሰበስበው ኖሮ ነገ ተርብ ያገኘው የነበረውስ? ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጥፎው የሚለየው በእኔ ግምት በሠንጠረዡ ብዛት ሳይሆን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በያዘበት መንገድ ነው።

የኢትዮጵያዊው እማና ጌቱ ምርምር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2002 ለኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የፒኤችዲ ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ በበቆሎና በማሽላ ላይ ስለሚገኙ አገዳ ቆርቁሮችና ስለ ተፈጥሮ ጠላቶቻቸው ነበር። ከአገዳ ቆርቁሮቹ አንዱ ኪሎ ፓርቴለስ ከእስያ የመጣ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1930 ማላዊ ውስጥ ነው። ቆላ ይወዳል። ተባዩ ከእስያ ሲመጣ ጠላቱ አብሮት አልመጣም ነበርና፣ ኢሲፔ ኮቴዢያ ፍላቪፔስ የተባለችውን ተርብ ከፓኪስታን አስመጥቶ በ1993 ኬንያ ጠረፍ ላይ ለቀቀ። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም አልለቀቃትም። ሆኖም በ1990ዎቹ መጨረሻ ማሳ ለማሳ እየተዞረ በተሰነጠቀው አገዳ ውስጥ ኮቴዢያ ተገኘች። አንድ ቦታ ብቻም አይደለም፤ በብዙ አካባቢ ነው። የመጣችበት ተባይ ላይ ብቻ ሳትወሰን ወደ ሌሎች የአገዳ ትሎችም ተሻግራ ነበር። ግኝቱ በ2003 ታተመ። ያለ ቪዛ ገብታ ቤት የሠራች እንግዳ ማለት ይቺ ናት።

ተርቧ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ዕድሜዋ ጥቂት ቀን ነው፤ በዚያች ዕድሜ ትሉ ያለበትን አገዳ ማግኘት አለባት። የሚመራት ሽታ ነው፦ የተበላው ተክልና የትሉ ኩስ ሽታ። ስትደርስ ደጅ አትጠብቅም፤ ትሉ በቆፈረው ጠባብ ዋሻ ውስጥ ራሷ ትገባለች። ብዙ ጊዜ ትሉ ይነክሳትና እዚያው ትሞታለች፤ ግን ከመሞቷ በፊት በአንድ ንድፊያ ሠላሳ አርባ እንቁላል ትሉ ውስጥ ታኖራለች። እጮቹ ከሆዱ እየበሉ ያድጋሉ፤ ከዚያ ቆዳውን ቀደው ወጥተው እያንዳንዳቸው ነጭ ድር ይጠቀልላሉ። አገዳውን የሚሰነጥቅ ገበሬ ከደረቀው ትል አጠገብ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ክምር ካየ ያንን ነው ያየው። የትል እንቁላል መስሎት የሚጨፈልቀውም ብዙ ነው።

ይህ ግን በሁሉም ትል ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ቡሴዎላ ፉስካ የተባለው፣ ደጋ የሚወደው የአፍሪካ አገዳ ቆርቁር፣ የኮቴዢያ ፍላቪፔስ እንቁላል ሲገባበት የደም ሕዋሶቹ እንቁላሉን ከብበው እንደ ቅርፊት ይሸፍኑታል። እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ተርቧ ሥራዋን ሠርታለች፤ ውጤት ግን የለም። ስለዚህ ተማሪው «ተወጋ» የሚለውን ከ«ተያዘ» መለየት አለበት፤ ያም ትሉን በማይክሮስኮፕ ሥር መክፈት ይጠይቃል። ከውጭ የሚመጣ ጠላት ሌላ ምን ይበላል የሚለውም አስቀድሞ መፈተሽ አለበት። አውስትራሊያ በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛን ያጠፋልኛል ብላ ከሃዋይ ያስመጣችው ጉርጥ ጥንዚዛውን ትቶ አገሩን ሞላው።

በ2017 መጤ ተምች ኢትዮጵያ ሲገባ ድንጋጤው ብዙ ነበር። መርዝ ተረጨ፤ ገበሬውም ቤተሰቡን ይዞ ወጥቶ ትሉን በእጁ ለቀመ። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትል እየሰበሰቡ ብልቃጥ ውስጥ አሳደጉ። በ2018 በታተመው ውጤት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአሰሳው ከታዩት ቦታዎች በተሰበሰበው ትል ላይ ኮቴዢያ ኢሲፔ የተባለች አገር በቀል ተርብ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ይዛ ተገኘች። ይቺ ተርብ በሳይንስ ስም ያገኘችው በዚያው በ2017 ነው፤ ኬንያ ውስጥ የአሉማ ቅጠል በሚበሉ ትሎች ላይ ተገኝታ ነበር። ከአሜሪካ የመጣውን አዲስ እንግዳ የአገሩ ተርብ ወዲያው ለምዶታል ማለት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ለቀማው ነው። በእጅ የተጨፈለቀው ትል ሆዱ ውስጥ ተርብ ተሸክሞ ሊሆን ይችል ነበር። ለማንጎ ዝንብ መላው ተገኝቶለታል፦ የወደቀው ማንጎ ድንኳን በመሰለ መረብ ውስጥ ይከማቻል፤ ከጣሪያው ባለው ደቃቅ ወንፊት የዝንቡ ጠላት የሆነችው ተርብ ትወጣለች፤ ዝንቡ ወፍራም ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ለበቆሎ ገበሬ ያን ያህል ቀላል ነገር ማን እንዳስተማረው እንጃ። የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የልማት ሠራተኛው እጅ ላይ ያለው ደግሞ መርጫው።

ወደ መነሻችን ስንመለስ፣ ካርቱም በሚያዝያ 2023 ጦርነት ውስጥ ገባች። ወድ መደኒም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደቀች፤ የግብርና ምርምሩ የዘር ባንክ ተዘረፈ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚረባ ተርብ በየቀኑ ትል ይፈልጋል፤ ትሉ ደግሞ ምግብ። የሚመግብ ሰው ለጥቂት ሳምንት ከጠፋ ዘሩ ያልቃል። የተሰደደ ተማሪ ድንበር ሲሻገር የለፋበትን ቁጥር በፍላሽ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ተርቡን ይዞ መሻገር ግን የአስመጪው አገር ፈቃድ፣ የኳራንቲን ምርመራና ሌላ ምን እንደሚበላ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ኮቴዢያ ፍላቪፔስ ኢትዮጵያ ስትገባ ከእነዚህ አንዱንም አልተጠየቀችም።